በቤት ማቀዝቀዣ ምግብን ስለ መጠበቅ

ምግብ ለሰውነት ኃይልና ጤና የሚሰጥ ሲሆን፣ አጠባበቁ ከተበላሸ ግን ያው ምግብ የበሽታ ምክንያት ይሆናል። ዛሬ በከተማችን በብዙ ቤት የኤሌክትሪክ ማቀዝቀዣ፣ ማለትም ፍሪጅ፣ ይገኛል። ነገር ግን ዕቃው መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ አያያዙን ማወቅ ያስፈልጋል።

በየካና በእንጦጦ ግርጌ የሚኖር ሰው «አገራችን ደጋ ነውና ወጡ በድስት ቢያድር ምን ይሆናል?» ይል ይሆናል። በእርግጥ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ፣ የእንጦጦ ጫፍም ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ሆኖም ለሰው ብርድ የሆነው ሁሉ ለረቂቃን ተሕዋስያን ብርድ አይደለም። በሽታ የሚያመጡት ተሕዋስያን በተለይ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ይራባሉ፤ የኩሽናችንም አየር ከዚሁ መካከል ነው። ስለዚህ የማቀዝቀዣው ውስጥ ከ5 ዲግሪ በታች፣ የበረዶው ክፍል ደግሞ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ መሆን ይገባዋል።

ቅዝቃዜ ተሕዋስያንን ያዘገያል እንጂ አይገድልም። ከዚህ የተነሣ የሚከተለውን መጠበቅ ይገባል።

አንደኛ፤ የበሰለ ምግብ ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ። የበዓል ዶሮ ወጥ ከነድስቱ ቢገባ መካከሉ ሳይቀዘቅዝ ይቆያል፤ ስለዚህ ጠለቅ ባላለ ዕቃ ተከፋፍሎ፣ እንፋሎቱ ሲበርድ ተከድኖ ይግባ። ከ3 ወይም ከ4 ቀን በላይም አይቀመጥ።

ሁለተኛ፤ ከሾላ ገበያ ሥጋ ገዝቶ ወደ ኮተቤ የሚሄድ ሰው በመንገድ አይዘግይ። ጥሬ ሥጋ ደሙ በሌላው ምግብ ላይ እንዳይንጠባጠብ ተከድኖ በታችኛው መደርደሪያ ይቀመጥ። የማቀዝቀዣው ብርድ የኮሶን እጭ አይገድልምና ሥጋው በሚገባ ይብሰል።

ሦስተኛ፤ ያልተፈላ ወተት አስቀድሞ ይፍላ። በሩ በተከፈተ ቁጥር የሚሞቅ ስለሆነ ወተቱ በበሩ ላይ ሳይሆን ወደ ውስጥ ይቀመጥ።

አራተኛ፤ የሻገተ እንጀራ ሻጋታው ተነሥቶ ቀሪው አይበላ፤ መርዙ ለዓይን ሳይታይ ዘልቆ ይሆናልና።

አምስተኛ፤ ብርዱ በየመካከሉ እንዲዘዋወር ማቀዝቀዣው ከመጠን በላይ አይሞላ።

መብራት በጠፋ ጊዜ በሩን አለመክፈት ዋና ነገር ነው። ተዘግቶ ከቆየ ማቀዝቀዣው ብርዱን ለ4 ሰዓት ያህል፣ የሞላ የበረዶ ክፍልም ለ48 ሰዓት ያህል ይይዛል። በማቀዝቀዣው ያለው ወጥ፣ ሥጋና ወተት መብራቱ ከ4 ሰዓት በላይ ጠፍቶ ከሞቀ ይጣል። «አይሸትም» ማለት ማስረጃ አይሆንም፤ በሽታ የሚያመጡት ተሕዋስያን ብዙ ጊዜ ሽታም ጣዕምም አይለውጡም። ማፍላትም ሁሉን አያድንም፤ አንዳንዶቹ የሚተዉት መርዝ በፈላ ወጥ ውስጥ እንኳ አይጠፋም።

የሚጣለው ወጥ ያሳዝናል፤ ነገር ግን በሕፃን፣ በሽማግሌና በነፍሰ ጡር ላይ የሚደርሰው ጉዳት ከወጡ ዋጋ እጅግ ይበልጣል። ሊስቴሪያ የተባለው ተሕዋስ በማቀዝቀዣ ብርድ እንኳ ስለሚራባና ፅንስን ሊያጠፋ ስለሚችል፣ ነፍሰ ጡር ሴት ያደረ ምግብ እስኪፈላ ሳይሞቅ አትብላ።

መምህራንም ይህን ለተማሪዎቻቸው በቀላሉ ማሳየት ይችላሉ። ውሃ በያዘ ብርጭቆ ቴርሞሜትር ተነክሮ በመካከለኛው መደርደሪያ ይደር፤ በማግስቱ ተማሪው ቁጥሩን አንብቦ ለክፍሉ ይንገር። ከ5 ዲግሪ በላይ ከሆነ ማስተካከያው ወደሚበርደው ይዙር። እንዲህ ያለው ትምህርት ከክፍል ወጥቶ በየቤቱ ማዕድ ይደርሳል።