መጋዘን ለምትቆጣጠር ልጄ፦ ሰባት ምክሮች

ልጄ፣ የዱቄት ፋብሪካዎችንና የእህል መጋዘኖችን ክምችት እንድትቆጣጠሪ መመደብሽን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ሥራው ግን ቀላል አይደለም። ዳቦ ሲወደድ ሕዝቡ የሚወቅሰው፣ አለቃ የሚያጣድፈው፣ ባለፋብሪካውም የሚፈራው አንቺን ነው። በር ላይ የምትለጥፊው አንድ የእሽግ ወረቀት የመቶ ሠራተኛ እንጀራ ሊያቆም ይችላል፤ ሳትለጥፊ የምታልፊው በርም የሺህ ቤተሰብ ገበታ ሊያጎድል ይችላል። ዕድሜዬን በዚሁ መስክ ስላሳለፍኩ ከሁሉ አስቀድመሽ እንድትይዥልኝ የምሻው አንድ ነገር አለ፦ አንዱን ነጋዴ የምትለኪበት መስፈርት ተፎካካሪውንም የምትለኪበት ይሁን፤ ሁለቱም አስቀድመው ይወቁት። የቀረው ምክሬ ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ነው።

1. የሞላ መጋዘን ስላየሽ አትፍረጂ

የመኸር እህል ከኅዳር እስከ ጥር ይሰበሰባል፤ ዳቦ ግን ዓመቱን ሙሉ ይበላል። በጥር የተገዛ ስንዴ እስከ ሐምሌና ነሐሴ ካልቆየ ፋብሪካው በክረምት ምን ሊፈጭ ነው? የሐረርጌ ገበሬ ማሽላውን በጉድጓድ የሚቀብረው፣ ሌላውም ጎተራ የሚያቆመው ለዚሁ ነው። ማከማቸት ከጥንትም የጥንቁቅ ሰው ሥራ ነው። ስለዚህ «ይህን ያህል ኩንታል ተገኘ» የሚል ወሬ ብቻውን ምንም አይነግርሽም።

መጀመሪያ ፋብሪካው በቀን ስንት ኩንታል እንደሚፈጭ ጠይቂ። 6,000 ኩንታል ስንዴ በቀን 200 ኩንታል ለሚፈጭ ፋብሪካ የአንድ ወር ሥራ ነው። በቀን 20 ኩንታል ለሚፈጭ ግን የ300 ቀን ነው። ቁጥሩ አንድ ሆኖ ትርጉሙ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ክምችትን በሥራ ቀን ለኪው፤ ያኔ ትልቁም ትንሹም ፋብሪካ በአንድ ሚዛን ይቀመጣል።

2. መስፈርቱ ከፍተሻው ይቅደም

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸቀጥ መደበቅን ይከለክላል፤ ያው አዋጅ ደግሞ ፍትሐዊ ውድድርን ይጠብቃል። ሁለቱ በአንድ ሕግ ውስጥ መቀመጣቸውን ልብ በይ። ሸማቹን እጠብቃለሁ ብለሽ ውድድሩን ብታበላሺ የሕጉን ግማሽ አፈረስሽ ማለት ነው።

የትኛው እህል ቁጥጥር ውስጥ እንደገባ፣ ከስንት ቀን ሥራ በላይ መያዝ ማብራሪያ እንደሚያስጠይቅ፣ ይህም ከመቼ እስከ መቼ እንደሚጸና በጽሑፍ ይውጣ፤ በቢሮሽ ሰሌዳም ይለጠፍ። ትናንት ተፈቅዶ የተገዛን እህል ዛሬ በወጣ መመሪያ ወንጀል አታድርጊው። መመሪያው ሲለወጥ ነጋዴው ክምችቱን የሚያስተካክልበት ቀን ስጪው። ቀኑ ካለፈ በኋላ ግን ለማንም አታራዝሚ።

3. ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ

የፋብሪካው ባለቤት ቢሮ ተቀምጠሽ ሻይ እየጠጣሽ የምትሠሪው ቁጥጥር ቁጥጥር አይባልም። መጋዘኑ ውስጥ ግቢ። የተደረደረውን ጆንያ በርዝመት፣ በወርድና በከፍታ ቆጥረሽ አባዢ፤ መሀሉ ባዶ እንዳይሆን ከላይ ወጥተሽ እዪ። የፊተኛው ድርድር አዲስ ሆኖ የኋለኛው በነቀዝ ዱቄት የተሸፈነ ከሆነ አሮጌው እህል ለምን ሳይወጣ እንደቆየ ጠይቂ።

ከዚያ ወረቀቱን ከዓይንሽ ጋር አስተያዪ። ከ100 ኪሎ ስንዴ እንደ አፈጫጨቱ ከ70 እስከ 80 ኪሎ ዱቄት ይወጣል፤ ቀሪው ባብዛኛው ፉርሽካ ነው። የወጣው ዱቄት፣ የተሸጠው ፉርሽካና በመጋዘን የቀረው ሲደመር ከገባው ስንዴ ጋር መግጠም አለበት። ካልገጠመ የመብራት ቆጣሪውን ንባብ አምጡ በይ፤ ወፍጮው በመብራት የሚዞር ከሆነ ፋብሪካው መሥራት አለመሥራቱን እሱ ይመሰክራል።

እህሉ የማን እንደሆነም አጣሪ። ከአዋጅ ቁጥር 372/1996 ወዲህ በመጋዘን ደረሰኝ የሚቀመጥ እህል አለ፤ የኢትዮጵያ ምርት ገበያም በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በዚህ ሥርዓት ላይ ቆሞ ነው። በእንዲህ ያለ መጋዘን ባለመጋዘኑ አደራ ጠባቂ ብቻ ነው። ባለቤቱ ሌላ ቦታ ያለ አስቀማጭ ሊሆን ይችላል፤ ለባንክ ብድር ዋስትና የተያዘም ይኖራል። ይህን ሳታጣሪ ብታሽጊ የምትቀጪው ያላጠፋውን ሰው ነው።

4. ያሸግሽው እህል እንዳይበሰብስ

ነቀዝ የመንግሥት ማኅተም አይፈራም። እህል ወደ 13 በመቶ እርጥበት ወርዶ ካልደረቀ ይሻግታል፤ በበቆሎ ላይ የሚወጣው አንዱ ሻጋታ ደግሞ ጉበት የሚጎዳውን አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ያመነጫል። ክርክሩ ሲጓተት ለወራት ታሽጎ የተበላሸ እህል ለሸማቹም ለነጋዴውም ለመንግሥትም አይሆንም። ማሸግ ግድ ከሆነ ውሳኔው በቀናት ውስጥ እንዲሰጥ ታገዪ። ያ ካልተቻለና ሕጉ ከፈቀደ እህሉ በገበያ ዋጋ ተሸጦ ገንዘቡ ውሳኔ እስኪሰጥ በአደራ ይቀመጥ።

በሸራ ተሸፍኖ የማስጠንቀቂያ ምልክት የተለጠፈበት ክምር ካየሽ ደግሞ «ግለጡት» ብለሽ አትዘዢ። የነቀዝ መግደያው ፎስፊን ጋዝ ሰውንም ይገድላል። ነቀዝ የመግደሉ ሥራ የሚያልቅበትን ቀን በመዝገብሽ ያዢና በዚያ ቀን ተመለሺ።

5. ጥቆማ ያመጣውንም መርምሪ

«እገሌ ስንዴ ደብቋል» ብሎ የሚደውል ብዙ ጊዜ ተፎካካሪ ነው። ጥቆማው እውነት ሊሆን ስለሚችል አትናቂው፤ ግን የጠቆመውንም ፋብሪካ በዚያው ሰሞን በዚያው መስፈርት ፈትሺ። መደበኛው ፍተሻ በዕጣ ይሁን፤ ተራው የማን እንደሆነ አንቺም አስቀድመሽ ባታውቂ ይሻላል።

ከሁሉ ይልቅ የምትፈተኚው መንግሥት የድጎማ ስንዴ ለፋብሪካዎች ያከፋፈለ እንደሆነ ነው። ርካሽ ስንዴ የደረሰው ፋብሪካ በርካሽ ይሸጣል፤ ያልደረሰው ከገበያ ይወጣል። ኮታው ማሽኑ ሊፈጭ ይችላል ተብሎ በወረቀት በተጻፈው መጠን ከተሰጠ፣ የቆመ ማሽን ያለው ስንዴውን ሳይፈጭ ለሌላ የሚሸጥበት በር ይከፈታል። በተጨባጭ በተፈጨውና ለዳቦ ቤት በደረሰው ዱቄት ልክ ይሁን፤ ማን ስንት እንደወሰደም ሁሉም በሚያየው ቦታ ይለጠፍ። የድጎማ ስንዴና ከገበያ የተገዛ ስንዴም በመጋዘን ውስጥ ተለይተው ይቀመጡ፤ ከተቀላቀሉ ማንም ሊቆጥራቸው አይችልም።

በፍተሻ ያወቅሽውን የአንዱን የግዢ ዋጋና የደንበኛ ስም ለሌላው አታውሪ። ለበዓል ተብሎ የሚላክልሽን ኩንታል ዱቄትም በመጣበት መኪና መልሺ።

6. እህልን በዋጋ ትእዛዝና በኬላ አስወጣለሁ አትበዪ

በ2003 ዓ.ም. አጋማሽ መንግሥት በበርካታ መሠረታዊ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ አስቀመጠ። ሸቀጡ ከመደርደሪያ ጠፋ፤ አብዛኛው ጣሪያም በዚያው ዓመት ተነሣ። በደርግ ዘመን ገበሬው በተቆረጠ ዋጋ ኮታ ያስገባ ነበር፤ ነጋዴውም ከጫነው ላይ ለመንግሥት ድርጅት እንዲያካፍል ይገደድ፣ እህሉም በየኬላው ይያዝ ነበር። ከተረፈበት አውራጃ ወደጎደለበት እንዳይደርስ መንገዱ ተዘጋ። ይህ ሁሉ የተነሣው የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ በታወጀበት በ1982 ዓ.ም. ነው።

የወሎንም ረሃብ አስቢ። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ በዚያ በ1965 እና 1966 ዓ.ም. ረሃብ የደሴ የእህል ዋጋ እምብዛም እንዳልናረ፣ እንዲያውም እህል ከወሎ ወደ አዲስ አበባ ይወጣ እንደነበር ጽፏል። ምርቱ የከሸፈበት ገበሬ የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውም። እንዲህ ሲሆን የነጋዴ መጋዘን መስበር የተራበውን አያጠግብም፤ የሚያስፈልገው ለተራበው የሚገዛበትን አቅም መስጠትና የመጠባበቂያ እህል በጊዜ ማውጣት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው። እጥረቱ ከምን እንደመጣ ለይተሽ ለአለቆችሽ መጻፍ የሥራሽ ግማሽ ይሁን።

7. ምክንያትሽን ጻፊ፣ መልሱንም ስሚ

ያየሽውን፣ የቆጠርሽውን፣ የተጣሰውን የመመሪያ ቁጥር በግልጽ ጽፈሽ ለባለመጋዘኑ ቅጂ ስጪ። መልስ የሚሰጥበት ቀንና ይግባኝ የሚልበት ቦታ በዚያው ወረቀት ላይ ይኑር። መዝገብ በቅጡ ያልያዘውን ሰው፣ እያወቀ እህል ደብቆ የዋጋ ንረት ከሚጠብቀው ጋር አንድ ቅጣት አትቅጪው፤ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያና ትምህርት፣ ሁለተኛው የሕጉ ሙሉ ቅጣት ይገባዋል። ጥፋተኛ ተብሎ ስሙ በራዲዮ የተነገረ ነጋዴ ነጻ ሆኖ ከተገኘ ነጻነቱም በራዲዮ ይነገርለት።

አሁን የመጀመሪያ ሥራሽን ልንገርሽ። አንድም መጋዘን ሳትረግጪ አለቃሽ ዘንድ ግቢና የክምችት መለኪያውን በጽሑፍ ጠይቂ። ካለ ቅጂውን ለሁሉም ፋብሪካዎች በአንድ ቀን አድርሺና በፊርማ አስረክቢ። ከሌለ ራስሽ ረቂቅ አዘጋጅተሽ ባለፋብሪካዎችን፣ ዳቦ ጋጋሪዎችንና የሸማች ማኅበራትን በአንድ ጠረጴዛ አስቀምጠሽ አወያዪበት። ይህን ካደረግሽ የምታሽጊው ባለመጋዘን እንኳ ሊያማሽ ምክንያት ያጣል፤ ሕዝቡም ዳቦው የጎደለበትን ትክክለኛ ምክንያት ከአንቺ ይሰማል። ፈጣሪ ይርዳሽ፣ ልጄ።