የከብት ግሳት፣ የዓለም ክርክርና የኛ ቆላ



በዚህ ዕትም ለጥናት ያቀረብነው ርዕስ ለነገሌ ቦረናና ለአካባቢው የቆላ ከተሞች ሩቅ ይመስላል። ነገሩ ግን ከበረታችን ውስጥ ነው። ይኸውም ከእርሻና ከከብት እርባታ የሚወጡትን ሙቀት አማቂ ጋዞች ማን፣ እንዴት ይቆጣጠራቸው? የሚለው ነው። ነገ በየቀበሌው ስንመደብ አንድ የአርብቶ አደር ልጅ «መምህር፣ ዝናቡን ያስቀረችው ላማችን ናት እንዴ?» ቢለን ምን እንመልሳለን?

1ኛ/ ነገሩ ምንድን ነው?

ላም፣ በግና ፍየልን የመሳሰሉ የሚያመሰኩ እንስሳት የበሉት ሣር በጨጓራቸው ውስጥ ሲብላላ ሚቴን የሚባል ጋዝ ይፈጠራል። አብዛኛው በግሳት ይወጣል። ሚቴን በአየር ላይ የሚቆየው 12 ዓመት ያህል ነው፤ ሆኖም በ100 ዓመት ሲሰላ ሙቀት የማፈን ኃይሉ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ያህል ነው።

2ኛ/ ክርክሩ የት ላይ ነው?

የፋብሪካ ጭስ ማውጫው ላይ መለኪያ ማቆም ይቻላል። በየሜዳው የተበተነን ከብት ግሳት ግን ማን ይለካል? ገበሬም ድምፅ ሰጪ ስለሆነ መንግሥታት እሱን መንካት ይፈራሉ። በኒውዚላንድ ከሚወጣው ጋዝ ግማሽ ያህሉ ከእርሻ ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2003 በከብት ላይ ቀረጥ ሊጥል ሲል ገበሬዎች ተነሱበትና ተወው። በ2022 እንደገና ዕቅድ ወጣ፤ በ2024 ደግሞ አዲሱ መንግሥት እርሻን ከጋዝ ክፍያው ሥርዓት እንደሚያስወጣ አስታወቀ። በአንጻሩ ዴንማርክ በ2024 ገበሬዎቿን አስማምታ፣ ከ2030 ጀምሮ በቶን 300 ክሮነር ለማስከፈል ወሰነች፤ ከዚያ ላይም ትልቅ ቅናሽ ታደርጋለች።

እንግዲህ ባለጸጋ አገር እንኳ እንዲህ ከተቸገረ ድኻው እንዴት ይሁን? እ.ኤ.አ. በ1992 የተፈረመው የአየር ንብረት ስምምነት ኃላፊነቱ የጋራ ቢሆንም ሸክሙ እንደየአቅሙ ይሁን ይላል። በ2015 የፓሪስ ስምምነት ደግሞ እያንዳንዱ አገር የራሱን ዕቅድ ያቀርባል።

3ኛ/ የኛ አገርስ?

ኢትዮጵያ ለዓለም ሙቀት የምታዋጣው ጋዝ ከ1 በመቶ በታች ነው። ሆኖም በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ እንደሚያሳየው፣ በ2010 ከወጣው 150 ሚሊዮን ቶን ያህል ጋዝ ውስጥ 65 ሚሊዮኑ ከእንስሳት ሀብት ነበር። መፍትሔ ተብለው ከቀረቡት መካከል የከብትን ምርታማነት ማሳደግ፣ የግጦሽ መሬትን ማሻሻልና የዶሮ እርባታን ማስፋፋት ይገኙበታል።

የመጀመሪያው ሐሳብ ስሌቱ ቀላል ነው። በቀን አንድ ሁለት ሊትር የምትታለብ ላምና አሥር ሊትር የምትታለብ ላም ሁለቱም ያገሳሉ። ባለአሥሯ በጠቅላላው የበለጠ ጋዝ ብታወጣም፣ ለአንድ ሊትር ወተት ሲካፈል የሷ ያነሰ ይሆናል። የዶሮው ነገር ግን ለቆላ አይሆንም። ዶሮ እህል ትሻለች፤ ዝናብ ሲጠፋም ተነድታ ግጦሽ ፍለጋ አትሄድም።

4ኛ/ በቦረና ቆላ

ለአርብቶ አደር ከብት ባንኩም ጥሎሹም ነው። «ቁጥሩን ቀንሱ» ማለት ይቀላል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2022 በተከታታይ አምስት የዝናብ ወቅቶች ሲከሽፉ እጅግ ብዙ ከብት አለቀ። ጥቂት የነበረው ባዶ እጁን ቀረ፤ ብዙ የነበረው ጥቂት ተረፈለት። ታዲያ ብዙ ማርባቱ አለማወቅ ነው?

ከሩቅ የወጣ ደንብ ምን እንደሚያመጣም አይተናል። የቦረና አባቶች ሣሩ እንዲታደስ ወቅት ጠብቀው ሜዳውን ያቃጥሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ማቃጠል ተከለከለ። ምክንያቱ እሱ ብቻ ነው ባይባልም፣ ከዚያ ወዲህ ቁጥቋጦ ሜዳውን ወረረው፤ ለላም ሣር አነሰ፤ ብዙዎችም ወደ ግመልና ፍየል ዞሩ። ካርቦን ብቻ የሚቆጥር ባለሙያ ግን ቁጥቋጦው ካርቦን ስለሚይዝ ሊደሰት ይችላል። የክርክሩ ሥር እዚህ ላይ ነው፤ የሚቆጠረውን የሚመርጠው ሰው ፍርዱንም ይሰጣል።

ደንብ ራሱ ለቦረና እንግዳ አይደለም። የጉድጓዱን ውኃ ተራ የሚያስከብር አባ ሄሬጋ አለ። በየ8 ዓመቱም ጉሚ ጋዮ ተሰብስቦ ሕግ ይመክራል። ስለዚህ ስለ ግጦሽና ስለ ከብት የሚወጣ ደንብ ከዚህ ሸንጎ ሳይመክር ቢመጣ ወረቀት ላይ ይቀራል እንላለን። ለዚያ ልጅም መልሳችን ይህ ነው፤ «ላማችሁ ድርሻ አላት፤ ትንሽ ናት። ዋናው ጭስ ከሌላ ቦታ ነው። ሆኖም ሣሩ ቢሻሻል ወተቱ ይጨምራል፤ ለሊትሩ የሚወጣው ጋዝም ይቀንሳል። ጥቅሙ መጀመሪያ የእናንተው ነው።»

ለውይይት፦
ሀ/ የከብት ጋዝ በራስ ከብት ይቆጠር ወይስ በሊትር ወተት? ለምን?
ለ/ ክፍያው በማን ላይ ይሁን፤ በአርቢው፣ በሥጋ ገዢው ወይስ በባለጸጋ አገሮች?
ሐ/ ይህን ትምህርት ለ6ኛ ክፍል በአካባቢው ምሳሌ እንዴት እናቀርበዋለን?

መልሳችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ለክበባችን ስጡን፤ በሚቀጥለው ዕትም እንለጥፋለን።