ሽማግሌ ጠበኞችን ወደ ዕርቅ ስለሚመራበት ሥርዓት

በዳኛና በአስታራቂ ሽማግሌ መካከል ያለው ልዩነት በብዙ ሰው ዘንድ ተለይቶ የታወቀ አይደለም። ዳኛ ሥልጣኑን ከሕግ ያገኛል፤ ተከራካሪው ባይወድም እንኳ ፍርዱ ይፈጸምበታል። ሽማግሌ ግን ሁለቱ ጠበኞች ከሰጡት እምነት በቀር ሌላ ኀይል የለውም። ስለዚህ እንደ ዳኛ ልፍረድ ብሎ የተነሣ ሽማግሌ የዳኛውን ሥልጣን ሳያገኝ የሽማግሌነቱን አመኔታ ያጣል። ሥራው ጠበኞቹ መናገር ያቃታቸውን እንዲናገሩ፤ ራሳቸውም የሚፈጽሙትን ስምምነት እንዲያገኙ መንገድ ማቅናት ነው።

የመጀመሪያው ነገር አመራረጥ ነው። በብዙ ቦታ በልማድ እያንዳንዱ ወገን የሚያምናቸውን ሽማግሌዎች ይጠራል፤ ሁለቱም የተስማሙበት አንድ ሰው ተጨምሮ ሰብሳቢ ይሆናል። በነገሩ ጥቅም ያለው ሰው መግባት የለበትም፤ ዝምድና ወይም አበልጅነት ቢኖር በግልጽ ተነግሮ ሌላው ወገን ይሁን ማለት አለበት። ነገሩ ከመሰማቱ በፊት ሁለቱም ዋስ ይጠራሉ። ይህ እንደ ወግ ብቻ የሚቆጠርበት ጊዜ አለ፤ ነገር ግን ጠበኞች በእርሻ መካከል ሲገናኙ ዱላ እንዳይማዘዙ የሚያደርጋቸው ይኸው ዋስ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ማዳመጥ ነው፤ ከሥራው ሁሉ የሚከብደውም ይኸው ነው። ለምሳሌ ሁለት ጎረቤታሞች በወሰን ድንጋይ ተጣሉ እንበል። አንደኛው ድንጋዩ ወደ እኔ ተገፍቷል ይላል፤ ሁለተኛው አባቴ ካኖረው ቦታ አልተነቃነቀም ይላል። በመጀመሪያ ሁለቱም ፊት ለፊት፤ በየተራ፤ ሳይቋረጡ ይናገራሉ። በዚህ ጊዜ የሚነገረው ለሰሚ የተዘጋጀ ቃል ነው። ልምድ ያለው ሽማግሌ በዚህ አያበቃም፤ አንዱን ገለል አድርጎ «ልጄ፤ ከድንጋዩ በፊት ምን ነበር?» ብሎ ይጠይቃል፤ ከጠየቀም በኋላ ዝም ይላል። ይህን ዝምታ በምክር ለመሙላት የሚቸኩል ሰው ለሽምግልና ገና ነው። «እናቴ ስትሞት ደጄን አልረገጠም፤ ከቀብርም ቀረ» የሚለው ቃል የሚወጣው ያን ጊዜ ነው። ሌላውም ለብቻው ሲጠየቅ «መርዶውን ማን ላከብኝ? እንደ ባዳ ከመንገድ ሰምቼ እንዴት ልሂድ?» ይል ይሆናል። ወሰኑ በገመድ ቢለካ የጠቡ መሬት ከአንድ ክንድ አይበልጥም፤ ከለቅሶ መቅረት ግን በገመድ አይለካም። ሽማግሌው ይህን ካወቀ በኋላ «ይህን ቃል ላድርስልህ?» ብሎ ፈቃድ ይጠይቃል። ለብቻ የተነገረውን ተናጋሪው ሳይፈቅድ ለባላጋራው ማድረስ አደራ መብላት ነው።

እኔም ሥራ በጀመርሁበት ዓመት ሁለት ጎረቤታሞችን በአንድ ጠዋት አስታረቅሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። መሬቱ ተለካ፤ ወረቀቱ ተጻፈ፤ ሁለቱም ጣታቸውን አተሙበት፤ ለአለቃዬም ነገሩ ተዘግቷል ብዬ ጻፍሁ። በሚቀጥለው ክረምት አንደኛው ግንባሩን ተፈንክቶ መጣ። ድንጋዩ ከቦታው አልተነካም ነበር፤ የተደባደቡት በዘር ቀን ከአንደኛው አፍ በወጣች አንዲት የቆየች ስድብ ነው። እኔ የለካሁት መሬቱን ብቻ ነበር።

የጠቡ ሥር ከታወቀ በኋላ የካሳ ነገር ይነሣል። ሽማግሌው ገንዘቡን ቀድሞ በአፉ የጠራ እንደ ሆነ፤ ከፋዩ በዛብኝ፤ ተቀባዩ አነሰኝ ብለው ሁለቱም በእርሱ ላይ ይተባበራሉ። (ይህም መስማማት ከተባለ መስማማት ነው።) ስለዚህ እያንዳንዱ የሚሰጠውን በራሱ አፍ እንዲጠራ መጠበቅ ይሻላል፤ ሰው በራሱ አፍ የጠራውን መካድ ያፍራልና። «ይቅር ለእግዚአብሔር» የሚለውም ቃል በጉትጎታ ብዛት ከተባለ ከከንፈር አያልፍም።

ደም የፈሰሰ እንደ ሆነ ሥርዓቱ ይጠነክራል። ካህናት መስቀል ይዘው ይገባሉ፤ በአንዳንድ አገር በደለኛው ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይለምናል። ሆኖም ይህ ዕርቅ የወንጀሉን ክስ የሚያስቀር አይደለም፤ በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 በባህልና በሃይማኖት ሕግ መዳኘትን የፈቀደው በግልና በቤተሰብ ጉዳይ፤ በተከራካሪዎች ፈቃድ ነው። ነፍሰ ገዳዩን ፍርድ ቤት ይቀጣዋል፤ የሽማግሌዎቹ ድርሻ የሟች ወንድም ጠመንጃ እንዳያነሣ ደሙን ማድረቅ ነው።

ለዚህ ኀይል የሌለው ኀይል ታላቅ ምስክር በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ታይቷል። በቡራዩ በጋሞ ተወላጆች ላይ ስለ ደረሰው ግድያ የተቆጡ ወጣቶች ለበቀል በተነሡ ጊዜ፤ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ። ወጣቶቹም ተመለሱ። በዚያ ሰዓት ማን በደለ፤ ማን ተበደለ የሚል ክርክር አልተነሣም፤ ቁጣው በርዶ ሰው ለመስማት እስኪችል ድረስ ጊዜ ተገኘ።

የጽሑፉን ነገር በአጭሩ ላስታውስ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 3318 ጀምሮ፤ አስታራቂ አሳቡን ከመግለጹ በፊት ሁለቱን ወገኖች በሚገባ እንዲሰማ፤ ዕርቅ ካልተገኘም አለመገኘቱን እንዲጽፍ ያዝዝ ነበር። ዛሬ ስለዚህ ጉዳይ የሚታየው የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ነው። ጽሑፉ ማን፤ ምን፤ እስከ መቼ እንደሚፈጽም ለይቶ ይናገር፤ ከመፈረሙም በፊት ማንበብ ለማይችለው ወገን ጮክ ተብሎ ይነበብለት።

ሽማግሌዎቹ ዕርቁ በተፈጸመ ዕለት ቀጠሮ ይያዙ፤ ቀጠሮውም በሚቀጥለው የእርሻ ወራት መጀመሪያ ይሁን። በዚያን ቀን ከሁለቱም ቤት በየተራ ገብተው ውሃ ይጠጡ፤ ስለ ድንጋዩም ሳይጠይቁ አስቀድመው ስለ ልጆቹ ይጠይቁ።