የሰሜን ካሬሊያ ሰዎችና የልብ ጤና

ፊንላንድ የምትባል አገር በአውሮጳ ሰሜን በኩል ትገኛለች። በምሥራቋም ዳርቻ፥ ከሩስያ ወሰን አጠገብ፥ ሰሜን ካሬሊያ የሚባል አውራጃ አለ። ምድሩ ደንና ሐይቅ የበዛበት ነው። የብርዱ ወራት እጅግ ረጅም ስለ ሆነ የሐይቁ ውኃ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ሰውም በላዩ ይሄድበታል። መንደሮቹ የተራራቁ ናቸው፤ ሕዝቡም እንጨት በመቍረጥና የወተት ላም በማርባት ይኖር ነበር።

እነዚህ ሰዎች ብርቱ ሠራተኞች ነበሩ። ነገር ግን በ1960ዎቹ ዓመታት (ዘመኑን ሁሉ እዚህ የምንቈጥረው እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ነው) ገና አርባና አምሳ ዓመት የሆናቸው አባቶች በልብ በሽታ በድንገት ይሞቱ ነበር። ጕልበቱን ተማምኖ ወደ ዱር የወጣ ሰው በሥራው ላይ ሳለ ደረቱን ይዞ ይወድቃል፤ ልጆቹም ያለ አሳዳጊ ይቀራሉ። ሐኪሞች በዚያን ጊዜ ሰባት አገሮችን መርምረው ባወዳደሩ ጊዜ፥ እንደ ምሥራቅ ፊንላንድ ወንዶች በዚህ በሽታ የሚሞት አላገኙም።

ሕዝቡ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በ1971 የአውራጃው ገዥና የሕዝቡ እንደራሴዎች በአንድነት ፈርመው እርዳታ እንዲደረግላቸው ለመንግሥት አመለከቱ። በ1972 ሥራው ተጀመረ፤ አለቃውም ፔካ ፑስካ የሚባል ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ሐኪም ነበረ።

የበሽታው ምክንያት በገበታቸው ላይ ነበረ። ዳቦውን በወፍራሙ ቅቤ ይቀቡታል፤ ወተቱን ከነቅባቱ ይጠጡታል፤ ጮማና ጨው ያበዛሉ፤ ጎመንና ካሮት ግን እንደ ከብት መኖ ይቈጠር ነበር። ደግሞም ከ100 ወንዶች 52 ያህሉ ትምባሆ ያጤሱ ነበር። ልጆች ሆይ፥ በቧንቧ ውስጥ ደለል ሲሞላ ውኃው እንደሚቀንስ አይታችኋልን? እንዲሁም የዚህ ዓይነት ቅባት ሲበዛ በደም ሥር ውስጥ እየተለጠፈ መንገዱን ያጠብበዋል፤ ልብም ደም ያጣል። ጨው የደሙን ግፊት ከፍ ያደርጋል፤ ትምባሆም የደም ሥሩን ይጐዳል።

ነገር ግን ሐኪሙ ብቻውን ቢናገር ማን ይሰማው ነበር? ቅቤ ለእንግዳ የሚቀርብ የክብር ምግብ ነበረ (ቅቤን የምናከብር እኛ ብቻ አይደለንም)። ለገበሬውም ገንዘቡ ነው።

ስለዚህ ፑስካ ባልንጀሮችን ፈለገ። ከሁሉ አስቀድሞ የተገኙት ሴቶች ናቸው። በ1899 የተመሠረተ፥ በወንጌል ስለ አገልግሎቷ በምትታወቀው በማርታ ስም የተጠራ የሴቶች ማኅበር በዚያ አገር አለ። የማኅበሩ ሴቶች በየመንደሩ ማታ ማታ ጎረቤቶቻቸውን ጠርተው ምግብ ያበስሉ ጀመር። የአገሩን የሥጋ ወጥ አልተዉትም፤ ጮማውን ቀንሰው ካሮትና ሌላ ሥራ ሥር ጨመሩበት። ሰዎቹም ቀምሰው ጣዕሙን ወደዱት። እኔ እንደሚመስለኝ፥ ይህ አንድ ድስት ከብዙ ስብከት የሚበልጥ ሥራ ሠራ። አንድ ቋሊማ ሠሪም ከጮማው ከፍሎ በምትኩ እንጉዳይ አገባ። በየመንደሩ የሚከበሩ ወንዶችና ሴቶች ተመርጠው ተማሩ፤ ለጎረቤታቸውም አስተማሩ። መንደርና መንደርም በደማቸው ውስጥ ያለውን ቅባት ለመቀነስ ይወዳደር ነበር።

የቅቤ ነጋዴዎች ግን ተቈጡ፤ በጋዜጣም ተከራከሩ። ቍጣቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ላሙን የሚያልበው ገበሬ ቅቤው ካልተሸጠ ልጆቹን በምን ያሳድግ? ይህን ሳይመልሱ ስለ ጤና ብቻ መናገር ደግነት አይባልም። ስለዚህ በ1980ዎቹ ዓመታት መንግሥት ረድቶ፥ በዚያ ቀዝቃዛ ምድር በደንብ የሚበቅለውን እንጆሪና የመሰለውን የቍጥቋጦ ፍሬ ገበሬዎች ተክለው እንዲሸጡ ተደረገ። የወተት ፋብሪካዎችም ቅባቱ የቀነሰ ወተት መሸጥ ጀመሩ።

ሥራው ለአምስት ዓመት ታስቦ ነበር፤ መልካም ፍሬ ስለ ታየበት ግን ከ1977 በኋላ በመላው ፊንላንድ ተስፋፋ፤ በአውራጃውም እስከ 1997 ቈየ። በዚያን ዓመት ትምባሆ የሚያጤሱት ከ100 ወንዶች 31 ያህል ብቻ ሆኑ። በልብ በሽታ የሚሞቱት ለሥራ የደረሱ ወንዶችም በአርባ ዓመት ውስጥ ከመቶ ሰማንያ እጅ በላይ ቀነሱ። ቀድሞ ከአሥር ሰው ስምንቱ ዳቦውን ቅቤ ይቀባ ነበር፤ ኋላ ግን ቅቤ የሚቀባው ጥቂት ሰው ሆነ፤ በገበታውም ላይ ከራሱ አገር ጫካ የተለቀመ ፍሬ ይቀርባል።