ተራው ገበሬ በቁምስና መዝገብ፦ የአንድ እንግሊዛዊ ቤተሰብ ዘር እንዴት ይመረመራል?

ቅዱስ ማቴዎስ ወንጌሉን የጀመረው በትውልድ ቆጠራ ነው። በዚያ ዝርዝር ነገሥታት አሉ፤ ከስማቸው በቀር ምንም የማናውቅላቸው ሰዎችም አሉ። የነገሥታትን ዘር ታሪክ ጸሐፊዎች ይጠብቁታል። ርስት ያልነበረው፣ ፊደል ያልቆጠረ የገጠር ሰው ዘሩ ከወዴት ይገኛል? የእንግሊዝ አገር ታሪክ ለዚህ ጥያቄ ግልጽ መልስ ይሰጠናል። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1538 የንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ሹም ቶማስ ክሮምዌል እያንዳንዱ ቁምስና ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን እንዲመዘግብ አዘዘ። የትሬንት ጉባኤም በ1563 ቆሞሳት የጋብቻ መዝገብ እንዲይዙ ደንግጎአል። የድሀው ስም ከመረሳት የዳነው በእነዚህ መዝገቦች ነው።

መርማሪው ከሚያውቀው ተነሥቶ ወደማያውቀው፣ ከልጅ ወደ አባት ይሄዳል። መንግሥት ልደትን፣ ጋብቻንና ሞትን መመዝገብ የጀመረው ጁላይ 1 ቀን 1837 ነው። የ1851 የሕዝብ ቆጠራ የእያንዳንዱን ሰው ዕድሜ፣ ሥራና የተወለደበትን ቁምስና ያመለክታል። የትውልድ ቁምስናው ከታወቀ ወደ ጥምቀት መዝገቡ መሄድ ይቻላል። ከ1813 ወዲህ ያለው መዝገብ የአባትን ሥራና የመኖሪያ ስፍራ ጭምር ይዞአል። ከ1754 ጀምሮ ሙሽሮቹ በጋብቻ መዝገብ ላይ ይፈርሙ ነበር፤ መጻፍ የማይችለው የመስቀል ምልክት ያደርጋል። ለብዙ ገበሬዎች በእጃቸው ከጻፉት የተረፈው ይህ ምልክት ብቻ ነው።

ሦስት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። አንደኛ፣ በአንድ መንደር ተመሳሳይ ስም ያላቸው ብዙዎች ናቸው፤ የሞተ ሕፃን ስምም ለታናሹ ይሰጥ ነበር። ስለዚህ የቀብሩን መዝገብ ሳያዩ «ይህ አያቴ ነው» ማለት አይገባም። ሁለተኛ፣ የቤተሰቡ ስም እንደ ጸሐፊው ጆሮ ልዩ ልዩ ሆኖ ይጻፋል። ሦስተኛ፣ እስከ 1751 ድረስ አዲስ ዓመት የሚብተው በማርች 25 ነበር፤ በመዝገቡ ፌብሩዋሪ 1720 የተባለው ዛሬ 1721 የምንለው ነው።

ድህነት ራሱ ምስክር የሆነበት ጊዜም አለ። በ1662 በወጣው ሕግና እርሱን በተከተሉት ሕግጋት ችግረኛ የሚረዳው በሕግ ነዋሪ በሆነበት ቁምስና ነበር። ስለዚህ ዳኞች የት እንደ ተወለደና ለማን ተቀጥሮ እንደ ሠራ ይጠይቁታል፤ ቃሉም ይጻፋል። ባለጸጋው ያልተጠየቀውን ድሀው ተጠይቆአልና የሕይወቱ ታሪክ በወረቀት ቀረ።

የካቶሊካውያን ነገር ደግሞ የተለየ ነው። በስደቱ ዘመን መዝገብ መያዝ ለካህኑም ለምእመናኑም አደገኛ ነበር። ይሁን እንጂ ወደ መንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን አንሄድም ያሉት ስማቸው ከ1592 ጀምሮ በመቀጮ መዝገብ ሰፍሮአል። ሊያጠፋቸው የተነሣው መንግሥት በገዛ እጁ የእምነታቸውን ምስክር አቆየላቸው።

ከዚህ ሁሉ ለእኛ ለካህናት የሚተርፍ ትምህርት አለ። አንዳንድ የእንግሊዝ ካህናት ያለ ሕጋዊ ጋብቻ በተወለደ ሕፃን ስም አጠገብ የሚያዋርድ ቃል ጽፈዋል። ያ ሕፃን በዚያ ቀን የተቀበለው ግን የእግዚአብሔርን ልጅነት ነበር። ካህኑ ካረፈ ብዙ ዘመን ሆነ፤ ቃሉ ግን ዛሬም በልጅ ልጆች ዓይን ፊት አለ።

የ1983 የላቲን ሕገ ቀኖና በቁጥር 535፣ የ1990 የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና በቁጥር 296 የቁምስና መዝገብ በጥንቃቄ እንዲያዝ ያዛሉ። በአገራችን የቤተሰብ መጠሪያ ስም ከትውልድ ወደ ትውልድ ስለማይተላለፍ፣ የአባትና የአያት ስም ከጎደለ የዘሩ ሐረግ ይበጠሳል። እንግዲህ የተጠማቂውን፣ የወላጆቹንና የክርስትና አባቱን ወይም እናቱን ስም ምሉእ አድርገን እንጻፍ፤ መዝገቡንም ከምስጥና ከእርጥበት እንጠብቅ። ዛሬ በችኮላ የምንዘልለው መስመር፣ ነገ ለአንድ ቤተሰብ ስለ አያቱ የሚቀርለት ብቸኛ ቃል ሊሆን ይችላል።