የመያዣ ቤት ኪራይ የማን ነው?

ያ ጀመዓ፣ የዛሬው የጁሙዓ ማስታወሻችን ስለ ብድር ነው።

ጎረቤትህ ቸግሮት መጣ እንበል። «300,000 ብር አበድረኝ። ወለድ እንደማትበላ አውቃለሁ፤ የማከራያቸውን ሁለት ክፍሎች ያዝ፣ ብርህን እስክመልስልህ ኪራዩን አንተ ብላው» አለህ። ወለድ የሚል ቃል አልተነሳም፤ ሁለታችሁም ደስ ብሏችኋል። ታዲያ ችግሩ የቱ ላይ ነው?

ይህ ውል ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ «ወለድ አገድ» ይባላል። ብሩ ወለድ አይታሰብበትም፣ በምትኩ መሬቱ ወይም ቤቱ የሚያስገባውን አበዳሪው ይበላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ከቁጥር 3117 ጀምሮ ስለ ወለድ አገድ ይደነግጋል።

መያዣ (ረህን) በራሱ ሐላል ነው። ሱረቱል በቀራህ 283 ላይ ተጠቅሷል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ አኼራ ሲሄዱ የጦር ጥሩራቸው በ30 ሷዕ ገብስ አንድ አይሁዳዊ ዘንድ ተይዞ ነበር። ግን መያዣ የተፈቀደው አበዳሪው ልቡ እንዲረጋ ነው እንጂ ገቢ እንዲያገኝበት አይደለም። ቤቱ አሁንም የጎረቤትህ ነው። ጣሪያው ቢያፈስ የሚያሠራው እሱ ነው፤ ኪራዩም የእሱ ነው።

«የተያዘ ከብት ይጋለባል፣ ወተቱም ይጠጣል የሚል ሐዲስ አለ አይደል?» ትለኝ ይሆናል። አዎ፣ ቡኻሪ ዘግበውታል። ግን እሱ በቀለቡ ልክ ነው፤ ከብት ይበላል፣ ቤት አይበላም። ኢብን ቁዳማ እንደሚያስተላልፉት ኢማሙ አሕመድ እንዲህ ያለውን የቤት ብድር ጥርት ያለ ሪባ ብለውታል። «ባለቤቱ ራሱ ፈቅዷል» የሚለውም ብዙ አያስኬድም፤ የቸገረው ሰው ምን የማይፈቅደው አለ? (ከሐነፊያ ዑለማዎች በፈቃድ ከሆነ ያቀለሉ አሉ፤ በውሉ ቅድመ ሁኔታ ሆኖ ሲገባ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው።)

ታዲያ አበዳሪ በኪራዩ ላይ ምንም መብት የለውም? አለው። በሐንበሊያ ዘንድ ኪራዩም ከቤቱ ጋር መያዣ ይሆናል፤ ማሊኪያ በውል ከተጠቀሰ ይቀበላሉ፤ ሻፊዒያ ግን ከመያዣው ውጭ ያደርጉታል። ተይዞም ቢሆን ንብረትነቱ የባለቤቱ ነው። እና ጎረቤትህ ከተስማማ እንዲህ ጻፉ፦ ተከራዩ ኪራዩን ለአንተ ይክፈል፣ የተቀበልከው እያንዳንዱ ብር ከዕዳው ይቀነስ። ኪራዩ በወር 10,000 ከሆነ በዓመት 120,000 ይሆናል፤ የቀረው ዕዳ 180,000 ነው። በወለድ አገድ ቢሆን ግን ከዓመት በኋላም ዕዳው 300,000 እንዳለ ይቆይ ነበር! ልዩነቱ ይኸው ነው። ምስክር አቁሙ፣ ለማን እንደሚከፍል ተከራዩም ይወቅ።

ዐብዱላህ ኢብን ሰላም (ረ.ዐ.) ዕዳ ያለበት ሰው አንድ ሸክም ገለባ እንኳ ቢሰጥህ አትውሰድ ብለው መክረዋል። ገለባ ነው እንግዲህ!

ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ውል ገብተህ ከሆነ እስካሁን የተቀበልከውን ኪራይ ደምረህ ያዝና ሰነዱን ይዘህ ወደምታምነው ዓሊም ሂድ። ወላሁ አዕለም።