የተመለሱበትን በር ይለዩ፦ ሙያ ለሚቀይር ሥራ ፈላጊ

ከደብረ ታቦር ወጣ ብላ በምትገኘው ጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ በ1850ዎቹ አውሮፓውያን አሰባስበው ነበር። ብዙዎቹ ወንጌል ሊያስተምሩ የመጡ ባለእጆች እንጂ መድፍ ሠሪዎች አልነበሩም። መድፍ ሥሩ ተባሉ። ወደው የገቡበት ሥራ እንዳልነበር አልዘነጋም። መጀመሪያ አልሆነላቸውም፤ እየደጋገሙ ሞክረው ኋላ ወደ መቅደላ የተጎተተውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አወጡ። ከመካከላቸው ቴዎፍሎስ ዋልድማየር ከመቅደላ ጦርነት በኋላ ወደ ሊባኖስ ሄዶ ብሩማና ላይ ትምህርት ቤት፣ ቆይቶም ቤሩት አጠገብ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል መሠረተ። አንድ ሰው በአንድ ዕድሜ ይህን ሁሉ ሙያ ቀይሯል።

እኔ ከመምህርነት ወደ ሒሳብ ሥራ ስሻገር ብዙ ጊዜ እምቢ ተብዬ ተመልሻለሁ። ከዚያ ያገኘሁትን በቅደም ተከተል ላስቀምጥ።

አንደኛ፤ ደብተር ይያዙ

ቀኑን፣ መሥሪያ ቤቱን፣ የሥራ መደቡን፣ በመጨረሻም የተመለሱበትን በር፣ ማለትም በየትኛው ደረጃ እንደቀሩ ይጻፉ። ዋናው ይህ የመጨረሻው ነው።

ማስታወቂያው «ተዛማጅ የትምህርት መስክ» ይላል፤ የእርስዎ ዲግሪ ባዮሎጂ ነው፤ መዝጋቢው ገና ሲያየው ይመልስልዎታል። ይህ አንድ ዓይነት እምቢታ ነው። ተመዝግበው ስምዎ ለፈተና ከተጠሩት ዝርዝር ላይ ሲታጣ ሌላ ነው። ፈተና ወድቆ መቅረት ሌላ፣ ፈተናውን አልፎ ቃለ መጠይቅ ላይ መቅረትም ሌላ። ቤት ሲደርሱ ግን ሁሉም «አልሆነም» በሚል አንድ ቃል ይጠቀለላል። እኔን ሲሰብረኝ የነበረው ያ ቃል ነው።

አምስት ጊዜ ካመለከቱ በኋላ ደብተሩን ቁጭ ብለው ያንብቡት። አራቱን ምዝገባ ላይ ከቀሩ ቃለ መጠይቅ መለማመድ አይጠቅምዎትም፤ ችግሩ ወረቀቱ ላይ ነው። ፈተና ላይ ከሆነ የጎደለው ንባብ ነው። ቃለ መጠይቅ ላይ ከሆነ እህትዎን ወይም ጎረቤትዎን ፊት ለፊት አስቀምጠው «ማስተማሩን ለምን ተዉት?» የሚለውን ድምፅ አውጥተው ይመልሱ። ይህ ጥያቄ አይቀርም። «ደመወዙ አልበቃኝ ብሎ» እውነት ቢሆንም ብቻውን አይበቃም፤ ጠያቂው መስማት የሚፈልገው ወዴት መሄድ እንዳሰቡና ለዚያ ምን እንዳዘጋጁ ነው።

«ተጠባባቂ» ከተባሉ ደግሞ በሩ አልተዘጋም። ዝርዝሩ እስከ መቼ እንደሚያገለግል ጠይቀው ይጻፉ፣ በየወሩ ይደውሉ፣ ስልክ ቁጥርዎን አይቀይሩ። ውጤቱ ካላሳመነዎትም ማስታወቂያው ላይ በተጻፈው የቅሬታ ጊዜ ውስጥ ነጥብዎን በትሕትና ይጠይቁ። ቢያንስ የትኛው ክፍል እንደጣለዎት ያውቃሉ።

ሁለተኛ፤ የሥራ ልምድ ደብዳቤዎን ያስተካክሉ

አብዛኛው የልምድ ደብዳቤ «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በመምህርነት አገልግለዋል» ብሎ ያበቃል። ሙያ ለሚቀይር ሰው ይህ ደብዳቤ በሩን ራሱ ይዘጋል። የክፍል ኃላፊ ሆነው ሮስተር ሠርተዋል? የተማሪ ውጤት በኤክሴል አጠናቅረዋል? የግዥ ወይም የንብረት ቆጠራ ኮሚቴ አባል ነበሩ? የሠሩትን ብቻ በዝርዝር ጽፈው ለርእሰ መምህሩ ይውሰዱና በደብዳቤው እንዲካተት ይጠይቁ። ያልሠሩትን አንዲት መስመር አይጨምሩ። ልምዱ ከግል ድርጅት ከሆነ የደመወዙ መጠንና የሥራ ግብር መከፈሉ መገለጹን ያረጋግጡ፤ ይህ ስለጎደለ ብቻ የሚመለስ ሰው ብዙ ነው።

ሦስተኛ፤ የአዲሱን ሙያ ማስረጃ በትንሹ ይጀምሩ

ማንም ሳይቀጥርዎት ሊሠሩት የሚችሉት ሥራ አለ። ሒሳብ ከሆነ የሚፈልጉት የሰፈር እድር ጸሐፊ ወይም ገንዘብ ያዥ ይሁኑ፤ የፋርጣ ድንች አምራች ወይም የፎገራ ሩዝ አምራች ማኅበር የሚያውቁ ከሆነ መዝገባቸውን ለማስተካከል ይጠይቁ። የኮምፒውተር ሥራ ከሆነ በሐምሌ 2016 የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች ሥልጠና በነጻ በኢንተርኔት ይሰጣል፤ የዳታና የፕሮግራሚንግ ኮርሶች አሉት፣ ሲጨርሱም ሰርተፊኬት ያገኛሉ። የእጅ ሙያ ከሆነ በቴክኒክና ሙያ ሠልጥኖ ለብቃት ምዘናው (ሲኦሲ) መቀመጥ ነው።

አራተኛ፤ ኪስዎን ይጠብቁ

ደብረ ታቦርን ከባሕር ዳር የሚለያት በወረታ በኩል 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለምዝገባ አንድ ጊዜ፣ ለፈተና አንድ ጊዜ፣ ዝርዝር ለማየት ሌላ ጊዜ ሲሄዱ የወር ደመወዝ ያልቃል፤ ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ መንገዱም ኢንተርኔቱም ሲቋረጥ ከርሟል። ባሕር ዳር የሚኖር አንድ የታመነ ሰው የማስታወቂያ ሰሌዳውን ፎቶ አንሥቶ እንዲልክልዎት ይስማሙ። ስምዎ መለጠፉን ሳያረጋግጡ መኪና አይሳፈሩ። «አስገባሃለሁ» ብሎ ገንዘብ ለሚጠይቅ አምስት ሳንቲም አይስጡ።

አምስተኛ፤ የተመለሱበትን ቀን እንዴት እንደሚያውሉት አስቀድመው ይወስኑ

ደቡብ ጎንደር የቆሎ ተማሪ አገር ነው። ለድጓ ወደ ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ወደ ዙር አምባ ከየአገሩ ተማሪ ይመጣል። «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ በየደጁ ሲቆም አንዷ ቁራሽ ትሰጠዋለች፣ ሌላዋ «እግዜር ይስጥልኝ» ትለዋለች፣ የሦስተኛው ቤት ውሻ ያባርረዋል። «እግዜር ይስጥልኝ» ያለችው እመቤት ዜማውን አልመዘነችም፤ ሌማቷ ባዶ ነበር። የሥራ በርም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው፤ በጀቱ ተይዟል፣ መደቡ ተሰርዟል፣ ወይም በውስጥ ዝውውር ተሞልቷል። ተማሪው ማታ ተመልሶ መምህሩ እግር ሥር ይቀመጣል፤ እርስዎም እምቢታ በሰሙበት ቀን ምሽት አንድ ሰዓት ያጥኑ፤ ከዚያ ይተኙ። በሳምንት ከሁለት በላይ አያመልክቱ፤ ጥድፊያ የተቀዳ ማመልከቻ ያስልካል።

ቡና ላይ «ምን ደረሰ?» የሚለው ጥያቄ ከእምቢታው በላይ ያማል። ለሁሉም መልስ የመስጠት ግዴታ የለብዎትም። እውነቱን የሚነግሩት አንድ ሰው ይምረጡ፤ ለሌላው «እየሞከርኩ ነው» ይበቃል። ለእናትዎ ግን አይደብቁ፤ ከፊትዎ ታነበዋለች።

ስድስተኛ፤ ሲያገኙም አይቸኩሉ

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀናት ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ውስጥ አሠሪው ብቁ አይደሉም ካለ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብትዎት ይችላል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቅጥር ግን በሌላ ሕግ ነው የሚገዛው። ስለዚህ የሙከራ ጊዜው የተጻፈበት የቅጥር ደብዳቤ በእጅዎ ሳይገባ መልቀቂያ አያስገቡ። የቀድሞውን መሥሪያ ቤት ሲለቁ ክሊራንስዎን ጨርሰው፣ በዝርዝር የተጻፈውን የልምድ ደብዳቤ በዚያው ቀን ማኅተም አስመትተው፣ ሁለት ኮፒ አድርገው ይያዙ።